ቴስትኮንቴይነርስ ከወራት በኋላ፦ ከቴስት ፕላናችን አንድ ገጽ ገላገለን

ቴስት ፕላን፣ ማለትም ሶፍትዌር ምኑና እንዴት እንደሚፈተሽ የሚያስቀምጥ ሰነድ፣ የጻፈ ሰው ሁሉ «የሚያስፈልግ ኢንቫይሮመንት» (ፍተሻው የሚሠራበት ማሽንና ሶፍትዌር) የሚለውን ክፍል ያውቀዋል። አይ ትሪፕል ኢ 829 የተባለው የሶፍትዌር ፍተሻ ሰነዶች መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ይጠይቀው ነበር። እኛ ቤት ግን ያ ክፍል ተጽፎ ሳይደርቅ ነበር የሚያረጀው። ወረቀቱ ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ 15 ነው ይላል፤ አንዱ ላፕቶፕ ላይ 13፣ ሌላው ላይ 16 ተጭኗል። አዲስ ልጅ ሲቀጠር ገጹን ይዞ ሲጭንና ሲያራግፍ ይውላል። ቴስት ሲወድቅበትም ጥፋቱ የኮዱ ይሁን የላፕቶፑ የሚነግረው የለም።

ቴስትኮንቴይነርስ ቴስቱ የሚፈልገውን ዳታቤዝ ዶከር በሚባለው መሣሪያ፣ ኮንቴይነር ውስጥ (ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ለብቻው በሚያስኬድ ሣጥን) የሚያስነሳ ላይብረሪ ነው። ያስገባነው ለዚህ ብለን አልነበረም። የፈለግነው ኤችቱን መተው ነው። ኤችቱ ሜሞሪ ላይ የሚሠራ ፈጣን ዳታቤዝ ነው፣ ፖስትግሬስን የሚመስልበት ሞድም አለው። ግን በዚያ ሞድ «ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ»ን (መዝገቡ ቀድሞ ካለ ተወው) ሲቀበል «ዱ አፕዴት»ን (ካለ አድሰው) አይቀበልም። ክፍያ የሚመዘግበው ኮዳችን ደግሞ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ያልጠበቅሁት ደስታ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። አሁን የፖስትግሬሱ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል) ከነሥሪቱ ቴስቱ ውስጥ ተጽፏል። ቴስቱ ሲነሳ ዶከር ኮንቴይነሩን ያስነሳል፣ ክፍት ፖርት ይሰጠዋል፣ ዳታቤዙ እስኪዘጋጅ ይጠበቃል። ሲያልቅ ሪዩክ የሚባል ረዳት ኮንቴይነር ሁሉንም ይጠርጋል፤ ቴስቱ መሃል ላይ ቢቋረጥም ይጠርጋል። ሥሪት መቀየር የፈለገ ሰው ኮዱን ይቀይራል፣ ሌላው ሪቪው ያደርግለታል። ፕላኑና ላፕቶፑ የሚለያዩበት ቀዳዳ ተደፈነ።

ስብሰባችንም ተቀየረ። ድሮ ግማሹ ሰዓት «የማን ላፕቶፕ ላይ ነው የሚሠራው?» በሚል ያልቅ ነበር፤ አሁን የምንከራከረው ምን እንፈትሽ በሚለው ነው። አንድ የክፍያ ጥያቄ ሁለቴ ቢመጣስ? ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቆረጥስ? ሁለተኛው ለዓመታት ወረቀት ላይ ብቻ የኖረ ጥያቄ ነበር። ቶክሲፕሮክሲ የሚባለውን ሞጁል አስገብተን ግንኙነቱን ሆን ብለን እየቆረጥን እንፈትሸዋለን። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲስተም የሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

«የጋራ ቴስት ሰርቨር ክላውድ ላይ እናከራያችሁ» የሚል ሻጭ ቢመጣ መልሴ ዝግጁ ነው። ወንድሜ፣ የጋራ ሰርቨር ላይ አንዱ ያስገባውን ዳታ የሌላው ቴስት ይረግጠዋል፤ ኪራዩ በዶላር ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ቡድኑ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የእኔ ኢሜጅ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይነሳል።

የመጀመሪያው ማውረድ በእኛ ኢንተርኔት ትዕግሥት ይጠይቃል። ኢሜጆቹ የሚወርዱበት ዶከር ሀብ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የማውረድ ገደብ ስላለው፣ በአንድ መስመር የሚወጣ ቢሮ አካውንት ይክፈት። አነስ ይላል ተብሎ አልፓይን በሚባለው ትንሽ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ኢሜጅ መምረጥም አያዋጣም፤ ጽሑፍን በፊደል ቅደም ተከተል አደራደሩ ስለሚለይ፣ ፕሮዳክሽን (ደንበኛ የሚጠቀምበት ሲስተም) ላይ ያለውን ዓይነት ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የዶከር ኩባንያ ከቴስትኮንቴይነርስ ጀርባ ያለውን ኩባንያ ሲገዛ ሰግቼ ነበር፤ ላይብረሪው ግን አሁንም ክፍት ነው፣ በነፃ ነው የምንጠቀመው።

የሚያስወጣው ራም ነው። 8 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ኮድ መጻፊያውና ኮንቴይነሮቹ አንድ ላይ ሲነሱበት ይጨነቃል። አለቆች፣ ለሰርቨር ኪራይ የያዛችሁትን በጀት ለልጆቹ ራም አውሉት፤ 16 ጊጋባይት ይበቃል።