የአይፒ አድራሻ በነጠላ የሚሸጥበት ሱቅ

ዘንድሮ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ መጥቼ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚያስመሰግኑ ናቸው። የታክሲው ሾፌር ከተስማማንበት ዋጋ አልጨመረም፤ ልብስ ሰፊውም ሱሪዬን በቀጠሮው አስረክቦኛል። እንድጽፍ ያስገደደኝ ገርጂ አካባቢ ያለ አንድ የኔትወርክ ሱቅ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። የእናቴ ሞደም ሳሎን ተቀምጧል። ሰርቪስ ቤቱን የተከራየው ልጅም እንዲጠቀም ግቢውን አቋርጦ ገመድ ተዘረጋና ሁለተኛ ራውተር ተገጠመ። የልጁ ስልክ ዋይፋዩን ይይዛል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ከሱቁ የተላከው ባለሙያ ሳጥኖቹን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ችግሩ አይፒ ስለሌላችሁ ነው» አለኝ። አይፒ አድራሻ ማለት እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርክ ውስጥ የሚለይበት ቁጥር ነው። ለቴሌቪዥኑ፣ ለሁለት ስልኮችና ለእኔ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ በእጁ ሞላና ደረሰኝ ቆረጠ፦ «አይፒ አድራሻ፣ ብዛት 4፣ የአንዱ ዋጋ 700 ብር።»

እንደ እንቁላል ተቆጥሮ! በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች፣ በ10 ከሚጀምሩትና ከ172.16 እስከ 172.31 ካሉት ጋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለግል ኔትወርክ የተተዉ ናቸው። ማንም ቤት በነፃ ይጠቀምባቸዋል፤ ሞደሙ ራሱ በዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻን በራስ-ሰር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያድላቸው ይውላል። ይባስ ብሎ ባለሙያው የሞላቸው ቁጥሮች ሞደሙ ከሚያድላቸው መካከል ነበሩ። ማታ የአክስቴ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ አንዱ የቴሌቪዥኑን ቁጥር ያዘ፤ እናቴ የምትከታተለው ድራማም ቀጥ አለ። ለሱቁ ብደውል «እንግዶች ካሉ ተጨማሪ አይፒ ያስፈልጋል» ተባልኩ።

የግቢውን ካሜራ ከውጭ ሆኜ እንዳይ ደግሞ «ወደብ መክፈቻ» ተብሎ፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ በሞደሙ አልፎ ካሜራው ጋ እንዲደርስ፣ 1,500 ብር ተቀብለውኛል። ካሜራው ከውጭ አይታይም፤ በዚህ መንገድ ሊታይም አይችልም። የሞደሙ ገጽ ላይ በውጭ በኩል የሚታየው አድራሻ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት ደግሞ የኢንተርኔት አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን ኢንተርኔት ላይ ከሚታይ ከአንድ የሕዝብ አድራሻ ጀርባ ሲያስቀምጥ የሚጠቀምባቸው ናቸው። እንዲህ ሲሆን የእኛን ሞደም ወደብ መክፈት ዋጋ የለውም፤ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ሰውየው ብር ከመቀበሉ በፊት ያቺን አንድ መስመር ማንበብ ነበረበት።

ያወጣችን ኔትወርክ የምትማር የጎረቤት ልጅ ናት። እናቴ ቡና ስታፈላ ኮምፒውተሬን ተቀብላ የሳጥኖቹ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገባች፤ ቶናው ሳይቀዳ ነገሩ አልቋል። የሳሎኑም የሰርቪሱም ሳጥን አድራሻ 192.168.1.1 ነበር። በሁለቱም ጎኑ አንድ ዓይነት ኔትወርክ ያለው ራውተር፣ ሞደሙ ከውስጥ ያለ ይመስለውና ወደ ውጭ የሚልከውን አያውቅም። አንዳንድ ራውተሮች ይህን ግጭት አውቀው ቁጥራቸውን ራሳቸው ይቀይራሉ፤ የእኛ ርካሽ ነው። የሰርቪሱን ወደ 192.168.10.1 ቀየረች፤ የውጭ ጎኑን ከሞደሙ በራሱ እንዲቀበል ተወችው፤ በእጅ የተሞሉትን አራቱንም ወደ አውቶማቲክ መለሰች። ገንዘብ ስሰጣት «ኧረ ጋሼ፣ እትዬ ይሰማሉ» ብላ እምቢ አለች።

ጀርመን አገር የኢንተርኔት መስመሩ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በደብዳቤ ይላካል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም ደንበኛ የራሱን ራውተር የመግጠም መብት በሕግ አለው። ባለሙያ ሲያስፈልግ ግን ቀጠሮው ያስረጃል፤ ቡና እየጠጣች የምታስተካክል ጎረቤትም የለችኝም።

ሱቅ የምትጠሩ ካላችሁ፣ ባለሙያው የሞደሙን የይለፍ ቃል ከቀየረ ሳያጽፋችሁ ከበር አታስወጡት። ቃሉ ሲጠፋ ብዙ ሰው የኋላውን ቀዳዳ በመርፌ ይጫናል፤ ያኔ አቅራቢው የሰጣችሁ የመስመሩ ስምና ቃል አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ሁለቱን ወረቀት ላይ አስፍሩ።

ደረሰኙን ይዤ ሱቁ ሄጄ ነበር። የወደቡ ግማሽ ይመለሳል፣ የአይፒው ግን «አንዴ ተገጥሟል» ተብሎ አይመለስም አሉኝ። 750 ብሬን ተቀብዬ ወጣሁ።