ደሴ ፒያሳ የገዛሁት ካልኩሌተርና ቅንፍ ውስጥ የቀረው ቁጥር

ደሴ ፒያሳ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ፍለጋ ከወጣችሁ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ርካሹ ቁልፉ ብዙ፣ ሥራው ጥቂት ነው። ሌላኛው ዋጋው ጠንከር ይላል፣ ግን ቁጥር ስትሰጡት ወደ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ፕራይም ወደምንላቸው ማለት ነው፣ ይበትንላችኋል። እሱን ወሰድኩ። ሻጩ "ወንድሜ፣ ዋናው ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ" አለኝ። አልጨፈንኩም። እዚያው ባንኮኒው ላይ 4294967297ን አስገባሁበት።

ይሄ ቁጥር 2 ርቢ 32 ሲደመር 1 ነው። ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ የሂሳብ ሰው በፈረንጆቹ 1640 ገደማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 (2 ርቢ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16፣ እያንዳንዳቸው ሲደመር 1) ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ቀጣዩም፣ ማለትም የኛው ቁጥር፣ እንደነሱ ነው ብሎ አመነ። በ1732 ኦይለር የሚባል ሌላ የሂሳብ ሰው መጣና ለ641 እንደሚካፈል አሳየ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ደግሞ ልክ 10 ዲጂት ነው፤ ማሽኑ ለመበተን የሚቀበለው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ለፈተና ይመቻል።

ሺፍት፣ ከዚያ ፋክት የሚለውን የመበተኛ ቁልፍ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ 641×(6700417) መጣ። ሻጩ "ይኸው ወጣልህ!" አለ። ወጥቷል፣ ግን ቅንፏን እዩአት። ማሽኑ የሚፈልገው እስከ ሦስት ዲጂት ያላቸውን ብቸኛ አካፋዮች ብቻ ነው። የተረፈውን ቅንፍ ውስጥ ከቶ "ከዚህ በኋላ ራስህን ቻል" ይላችኋል። ብቸኛ ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም። ተማሪዎች ቅንፉን ጥለው መልሱን ሲገለብጡ ስለማይ ነው ይሄን የማካብደው።

ቤት ገብቼ ጨረስኩት። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ አለው። የ6700417 ስኩዌር ሩት 2588 ከምናምን ነው፣ እስከ ሦስት ዲጂት ያሉትን ደግሞ ማሽኑ ሞክሯቸዋል፤ ስለዚህ ከ1000 እስከዚያ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር አለብኝ፣ እነሱ ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው፣ ማን ይጨርሳቸዋል? ደግነቱ ሉካስ የሚባል የሂሳብ ሰው በ1878 አቋራጭ ትቶልናል፦ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ128 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። 641ን ሞክሩት፣ 5 ጊዜ 128፣ 640 ነው፤ 1 ይተርፋል። በዚህ ወንፊት ሲነፋ ከዚያ ሁሉ የሚቀሩት 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ለመጀመሪያው ሳካፍል 334 ተረፈ፣ ለሁለተኛው 622። በቃ፣ 6700417 ብቸኛ ነው።

የማይወደድም አለው። 2 ርቢ 64 ሲደመር 1 ብትሉት 1.844674407×10 ርቢ 19 ብሎ ጅራቱን ይቆርጠዋል። ትክክለኛው 18446744073709551617 ነው፤ ያ መጨረሻ ላይ ያለው 17 ከሌለ ስለ መካፈል ምንም ማውራት አይቻልም። መበተን ደግሞ ጭራሽ እምቢ ይላል። ላንድሪ የሚባል ሰውዬ በ1880፣ በ82 ዓመቱ፣ ያለ ምንም ካልኩሌተር 274177 × 67280421310721 መሆኑን አግኝቶታል። እኔ ባትሪ ይዤ አልቻልኩም።

ባትሪ ካልኩ አይቀር፣ በፀሐይ ብቻ የሚሠራውን አትግዙ። የደሴው ተራራ ጦሳ ጉም በለበሰ ቀን ስክሪኑ ይደበዝዛል። የዚህኛው ቁልፎች ትንሽ ደረቅ ይላሉ፣ ሲቆዩ ይለሰልሱ ይሆናል። መጀመሪያ የሚጠሩላችሁን ዋጋ ግን እንዳትቀበሉ፤ እኔ ተከራክሬ አስቀንሻለሁ፣ ደረሰኝም አስቆርጫለሁ።