ጋጋሪን ወይስ ሼፐርድ?

አዘዞ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ እያዩ ለሚያድጉ የጎንደር ልጆች የጠፈርን ታሪክ ከማን መጀመር ይሻላል? ወደ ጠፈር ከወጣው የመጀመሪያው ሰው፣ ከሶቪየቱ ዩሪ ጋጋሪን፣ ወይስ ከመጀመሪያው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ከአለን ሼፐርድ? በረራዎቻቸው የሚራራቁት በ23 ቀናት ብቻ ነው።

ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በቮስቶክ 1 መንኮራኩር መሬትን አንድ ጊዜ ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። ሼፐርድ ሚያዝያ 27፣ እኛ የአርበኞችን ድል በምናከብርበት ዕለት፣ 15 ደቂቃ ያህል በረረ፤ መሬትን አልዞረም። የደረሰበት 187 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከጎንደር ባሕር ዳር ካለው የመኪና መንገድ እምብዛም አይበልጥም።

በርቀት ከለካነው ጋጋሪን ያለ ጥርጥር ይበልጣል። መንኮራኩሩን ማን መራው ካልን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሐኪሞች ክብደት አልባነት አእምሮውን እንዳያውከው ስለፈሩ የጋጋሪን የእጅ መቆጣጠሪያ በቁጥር ተቆልፎ ነበር፤ መክፈቻው 125 ሲሆን በታሸገ ፖስታ ተቀምጦለታል። ሼፐርድ ግን የመንኮራኩሩን አቅጣጫ በገዛ እጁ አዞረ። ሲመለስም ከነመንኮራኩሩ አትላንቲክ ላይ አረፈ። ጋጋሪን 7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከመንኮራኩሩ ተፈናጥሮ በራሱ ጃንጥላ ወረደ። ሶቪየት ኅብረት ይህን ለዓመታት መደበቋ ያሳዝነኛል፤ የሰውየውን ድፍረት ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርገውምና።

እኔ ከጋጋሪን እጀምራለሁ፤ የታሸገው ፖስታ ብቻውን የልጆችን ጥያቄ ይቀሰቅሳል። ሼፐርድን ለሚያዝያ 27 አቆየዋለሁ።