አሮጌው ሊስተር በጎጃም ደጋ፦ ከአንድ በጋ ሥራ በኋላ

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ የኖረው ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሊስተር ሞተር ከኅዳር እስከ ግንቦት ውሃ ሲስብልኝ ከርሟል። ድንቹም ነጭ ሽንኩርቱም ውሃ አልጠማቸውም። ዛሬም ምረጥ ብባል ይህንኑ ሞተር እመርጣለሁ። ግን ለሁሉም ሰው ይሆናል አልልም።

ማሳው ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ፣ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ነው። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። የማሽን መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ጉልበት፣ የውሃ ሙቀትና የፓምፕ አቅም አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። እኛ ደግሞ ደጋ ነን። ሊስተርን እዚህ ያስነሳ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ነው።

ሞተሩ የአጎቴ ነው። በጊዜው ትንሽ ወፍጮ ያዞር ነበር። መብራት ሲገባ ወፍጮው ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ፤ ሞተሩም ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ ስር ተገፍቶ ቀረ። ጎኑ ላይ ያለችው የነሐስ ሰሌዳ ግን አልጠፋችም። በናፍጣ ስወለውላት 6 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 650 ዙር የሚለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

የሊስተር ፋብሪካ በ1867 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር ደርስሊ በምትባል ከተማ ተመሠረተ። ሲኤስ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ቤተሰብ ገበያ ላይ የወጣው በ1929 ነው። የተወደደበት ምክንያት በብርድ ጊዜ ያለ ምንም ማሞቂያ በእጅ መነሳቱ ነበር። የኔው ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 114 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 140 ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 1.4 ሊትር ገደማ። ዛሬ 1.4 ሊትር ሞተር መኪና ይነዳል። ይሄኛው ግን በዝግታ እየዞረ 6 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው የሚሰጠው። ዕድሜው የረዘመው በዚሁ ነው። ደርስሊ ማምረት ካቆመች ቆይታለች፤ ህንድ ውስጥ ራጅኮት ከተማ ግን ቅጂው ሲሠራ ስለኖረ መለዋወጫ ዛሬም ይገኛል።

ከባዱ ሥራ ፒስተኑ ነበር። ተጣብቆ ነበር። ጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ እንደተከፈተ ስለቆመ የስንት ክረምት ዝናብ በዚያ ወርዶ፣ ክፍት በቀረው ቫልቭ አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል። የጎጃምን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ስንፈታ ፒስተኑ አናት ላይ ዝገትና ጥቀርሻ ተለውሶ ደርቋል። በወጣትነታቸው ወፍጮ ለወፍጮ እየዞሩ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት መካኒክ መጥተው አዩትና የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጄ፣ ቮላኖውን በመዶሻ እንዳትነካው። ጊዛ ነው፤ ይሰነጠቅብሃል» የሚል ነበር። ቮላኖ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ ነው፤ ጊዛ ደግሞ በቅልጥ የተሠራ ተሰባሪ ብረት።

የእሳቸውን ምክር ይዘን ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ዘይት እኩል ቀላቅለን ፒስተኑ ላይ አፈሰስን። ሲጎድል እየጨመርን ለሳምንታት ተውነው። መሃል መሃል ላይ ፒስተኑ ላይ ወፍራም እንጨት አስደግፈን ቀስ ብለን እንመታለን፤ ቮላኖውን ወዲያና ወዲህ እንገፋለን። ጉልበት ጨምሮ በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ቢየላ (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ያጣምማል ወይም ሲሊንደር ይቧጭራል። እኛ ጋ አንድ ጠዋት ቮላኖው የጣት ያህል ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለ።

ሞተሩን በጣም የወደድኩት ግን ሆዱን ስከፍት ነው። ከጎኑ ሰፊ መዝጊያ አለው። ጥቂት ዳዶ ፈትታችሁ እጃችሁን እስከ ክርን ታስገባላችሁ። የቢየላውን ቡሎን በጣታችሁ ትዳስሳላችሁ። ከስሩ ዘይት የምትረጨዋን ትንሽ ብረት ታገኟታላችሁ። ታች የረጋው ዘይት ጠቁሮና ወፍሮ በማንኪያ የሚወጣ ሆኖ ነበር። በብሩሽና በናፍጣ ደጋግመን አጠብነው፤ የፈሰሰው ናፍጣ ጣሳ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ። የሲሊንደሩ የውሃ መተላለፊያ ደግሞ በደረቀ ጭቃና በዝገት ተደፍኗል። እሱን በሽቦ እየጎረጎርን በውሃ አስወጣነው። ይህን ያላደረገ ሰው ሞተሩ ቢነሳለትም ብዙ አይሄድለትም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

የናፍጣ ፖምፓውንና ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ባሕር ዳር ፖምፓ ቤት አስፈተሽኩ። ኖዝሉ መጀመሪያ ሲሞከር ናፍጣውን እንደ ፍሳሽ ነበር የሚያንጠባጥበው። ተቀይሮ ሲሞከር ድምፅ እያሰማ ደቃቅ ጉም ረጨ። ልዩነቱን በዓይን ማየት ደስ ይላል። ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበውን ቀለበት፣ ያዘዝኩት አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ፋሻው ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ጫፎቹ ተነካኩ። እንዲያው ቢገጠም ሲሞቅ ይለጠጥና ሲሊንደሩን ይበላዋል። በሞረድ እያሳነስን 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ሰጠነው። ሻጩን ብጠይቀው «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚገጥመው» አለኝ። አይደለም። ከሱቅ የወጣ ፋሻ ሳይለካ አይገጠም።

ቴስታታው ሲመለስ አንድ ነገር እንዳትዘሉ። ፒስተኑ ላይ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ አስቀምጡ፣ ቴስታታውን እሰሩ፣ ቮላኖውን በእጅ አንድ ዙር አዙሩ፤ ከዚያ ፈትታችሁ የተጨፈለቀውን ሽቦ ለኩ። ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ማለት አለበት። ከዚያ ከሰፋ መጭመቁ ይደክማል፤ ጠዋትም አይነሳም። ከጠበበ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊመታ ይችላል። በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው የጉርኒሲዮን ውፍረት የሚመረጠውም በዚሁ ነው።

ወደ ወንዙ የወሰድነው ከፋፍለን ነው። ሙሉው ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቮላኖዎቹን የያዘው ሽብልቅ እንዳይላቀቅ ሆኖ ነክሶ ነበር፤ እሱን ማውጣት ብቻውን ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። የአካባቢው ሰው ግን በሸክም አላሳፈረንም፤ አጣና አግድመው ተሸክመው ወረዱ። ብረት ያቀፈ የሲሚንቶ መሠረት ቀድሜ አስሠርቼ ነበር፤ በቡሎን አሰርነው።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ።

አነሳሱ ቀላል ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። የጭስ ቫልቩን በማንሻዋ ክፍት አድርጌ እይዛለሁ፣ ማኖቬላውን (የእጅ ማስነሻውን) አዞራለሁ፣ ቮላኖው ፍጥነት ሲይዝ ማንሻዋን እለቃለሁ። ያኔ ይነሳል። ቴስታታው ጎን ላይ በእጅ የምትዞር ትንሽ መዘውር አለች። ስትጠብቅ የመጭመቂያው ክፍል ይጠብና መጭመቁ ይበረታል፤ ለጠዋት ብርድ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ትላላለች። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ያለዚህች መዘውር ማስነሳት አድካሚ ነው። ማኖቬላውን ስትይዙ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጉ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ እጅ ይሰብራል።

ከዚያ ጉልበቱ። እንዲህ ያለ ሞተር ከ150 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ወደ 2,400 ሜትር ስናደርሰው ሩብ ጉልበቱ ሄዷል። 6 የተባለው እኛ ጋ 4.5 ቢሆን ነው። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲያንስበት ናፍጣ ይጨምርለታል። አየር የለውማ! የጨመሩት ናፍጣ ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የቀረው ቫልቩ ላይ ጥቀርሻ ይሆናል። እኔ ፓምፑን የመረጥኩት ለ4 የፈረስ ጉልበት እንዲሆን አስቤ ነው። ጭሱም በጋውን ሙሉ ለዓይን እንኳ አልታየም። ሞተሩ 650 ሲዞር ፓምፑ 1,500 እንዲዞር የቺንጋ (የማዞሪያ ቀበቶ) መዘውሩን ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት ቤት) በልክ አስወጣሁ።

ፓምፑ ራሱ የደጋ ነገር አለበት። ውሃን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። ባሕር ወለል ላይ በስሌት እስከ 10 ሜትር ይስባል ይባላል። እዚህ ከ8 ሜትር አያልፍም፤ በተግባር ደግሞ ከ5 ሜትር በላይ ባትሞክሩት ይሻላል። ጎረቤቴ ፓምፑን ጥላ ስር ይሁን ብሎ ከዳገቱ አናት ላይ አስቀምጦ ውሃ አልመጣ ብሎት ነበር፤ ወደ ወንዙ ሲያወርደው መጣ። መግፋት ችግር የለውም፤ መሳብ ነው የሚያስቸግረው።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣው ነው። የውሃ ፓምፕ የለውም። በርሜል ከጎኑ ይቆማል፤ የሞቀው ውሃ በላይኛው ቱቦ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ይመለሳል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይፈላል ብዬ ሠግቼ ነበር። የገጠመኝ ግን ተቃራኒው ነው። 200 ሊትር የደጋ ውሃ ሞተሩን ከመጠን በላይ ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፤ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ታችኛው ቱቦ ላይ ሩቢኔቶ (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ) አስገባሁ። ጠዋት ሲነሳ ጠበብ አደርገዋለሁ፤ ላይኛው ቱቦ እጅ የማያስይዝ ሲሆን እከፍተዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የሞተሩ ድምፅ ራሱ ለሰለሰ።

ናፍጣ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ይበላል። በጀሪካን የመጣውን ናፍጣ ቢያንስ አንድ ሌሊት አስተኝቼ፣ ታች የረጋውን ትቼ፣ በጨርቅ አጥልዬ ነው የምጨምረው። ዘይቱ ቁጥር 30 ነው። ሞተሩ የዘይት ማጣሪያ ስለሌለው ቆሻሻው ወደ ታች ነው የሚረጋው፤ ስለዚህ ዘይቱን በየ250 ሰዓቱ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ መዝጊያውን ከፍታችሁ ታችኛውን ጥረጉ።

የማልወድለት ነገርም አለ። ዘይት ቢያልቅበት፣ ውሃ ቢደርቅበት ራሱን አያጠፋም። አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ቮላኖውና ቺንጋው ናቸው፤ ምንም መከለያ የላቸውም። ጋቢ ለብሶ የሚጠጋ ሰው፣ ውሃ ሊያይ የሚመጣ ሕፃን አለ። የጋቢ ጫፍ አንዴ ከያዘ የሚያስቆመው የለም። ከሁሉም በፊት ያሠራሁት የእንጨት አጥር ነው። ማንም ሰው ሞተሩን ሳያስነሳ አጥሩን ይሥራ።

ገበያ ላይ ያሉትን ቀላል ፈጣን ሞተሮች አልንቅም። አንድ ሰው በትከሻው ይዞት ይሄዳል፤ ከማሳ ማሳ የሚዘዋወር ሰው እሱን ይግዛ። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሠራ ሞተር ግን ቀኑን ሙሉ ሲጎተት ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅም ብዙ ጊዜ ይጣላል። ሊስተር አንድ ቦታ ለተተከለ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ሲታመምም ማርቆስ በሚገኝ ቶርኖ ቤትና በአንድ ቁልፍ ሳጥን ይድናል።

ከወፍጮ ቤት ጀርባ እንዲህ ያለ ሞተር ካያችሁ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። የሲሊንደሩን ውጪ በብሩሽ አጽዱና ስንጥቅ ፈልጉ። የተጣበቀ ፒስተን ይላቀቃል፤ የተሰነጠቀ ጊዛ ግን ወጪው ከሞተሩ ይበልጣል። ቀጥሎ ቮላኖውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) አልቋል፤ ያንን ከዋጋው አስቀንሱ።