«ዘና ያለ የብስክሌት ጉዞ» ብለው ሲሸጡላችሁ ዳገቱን ጠይቁ

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወገኖች፣ በጋው ሲቃረብ አንድ ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም። አረንጓዴ ኮረብታ፣ የድንጋይ አጥር፣ በጎች፣ ብስክሌት ላይ ሆነው የሚስቁ ባልና ሚስት። «ዘና ያለ፣ ለጀማሪም የሚሆን፣ 3 ሌሊት፣ በቀን 30 ማይል ገደማ።» እኔና ባለቤቴ ባለፈው ሰኔ ገዛነው። ተሸወድን። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጉዳያችን ገና አላለቀም። ደግሞም እንዲህ ብሎ የሚያስተዋውቀው እሱ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ብስክሌት ላይ ነው ያደግኩት። ግን ባሕር ዳር ሜዳ ነው። ቤዛዊት ካልወጣህ በቀር ዳገት የሚባል ነገር ብዙም አታውቅም። 30 ማይል ማለት 48 ኪሎ ሜትር ነው። «ለሙሉ ቀን 48 ኪሎ ሜትር? ሻይ እየጠጣን እንጨርሰዋለን» አልኩ። ባለቤቴ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፤ እንጦጦን በእግሯ ስትወጣ ስትወርድ ነው ያደገችው። «ዳገቱስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ማስታወቂያው ላይ ያለውን «አንዱሌቲንግ» የሚል ቃል አሳየኋት። ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩላት።

ይህን ቃል ያዙት። መዝገበ ቃላቱ እንደኔው ነው የሚተረጉመው። ጉዞ ሻጮቹ ሲጽፉት ግን «ዳገት አለ፣ ስንት እንደሆነ አትጠይቁን» ማለት ነው።

የሄድነው ፒክ ዲስትሪክት ነው። በማንችስተርና በሼፊልድ መካከል ያለ፣ በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሆነ አካባቢ። ውበቱን አልክድም። ሆፕ በምትባል ትንሽ ጣቢያ ከባቡር ወረድን፣ ብስክሌቶቹን ተረከብን፣ ካስልተን ገብተን ምሳ በላን። እስከዚያ ድረስ ሜዳ ነው። ከዚያ ስልኬ ላይ የጫኑልኝ ካርታ ወደ ምዕራብ ዙር አለኝ።

ከካስልተን ወደዚያ ለመውጣት ዱሮ ሌላ መንገድ ነበር፤ በማም ቶር ተራራ ሥር የሚያልፍ። ተራራው እየተንሸራተተ አስፋልቱን ሲሰባብረው በ1979 ለመኪና ተዘጋ። የቀረው ዊናትስ ፓስ የሚሉት ነው። ስሙ «የነፋስ በር» ከሚል የመጣ ነው ይባላል። በሁለት የኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል ሽቅብ የሚሄድ ጠባብ መንገድ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ተዳፋቱ ከ20 በመቶ ያልፋል። አምስት ሜትር ወደፊት ስትሄዱ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው አባይ በረሃን ያውቃል። ድልድዩን አልፎ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ሞተሩ እንዴት እንደሚያጓራ ያስታውሳል። እዚህ ሞተሩ እኔ ነበርኩ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ከኋላ መኪና ተደረደረ። ባለቤቴ ቀድማኝ እየገፋች ወጣች፤ የሽሮ ሜዳ እግር ምን ይለዋል! ማታ ሆቴል ገብቼ ሳነብ፣ በ2021 የብሪታንያ የዳገት ብስክሌት ሻምፒዮና የተካሄደው እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ሻምፒዮኖች የሚፎካከሩበትን ዳገት ነው «ለጀማሪ» ብለው የሸጡልን።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ሲደመር 46 ኪሎ ሜትር ነበር። ሽቅብ የወጣነው ከፍታ ሲደመር ግን 1,050 ሜትር። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ማስታወቂያው ላይ የለም፣ ውሉ ላይ የለም፣ የላኩልን ኢሜይል ላይም የለም። ማይል ብቻውን ስለ ድካም ምንም አይነግርም። የዳገቱን ድምር በሜትር ያዙና ለጉዞው ኪሎ ሜትር አካፍሉት። በእኔ ልምድ 10 አካባቢ ከሆነ ይቻላል፤ ከ20 ካለፈ ዘና የሚባል ነገር የለም። የእኛ 23 ነበር።

ብስክሌቱስ? ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የፊቱ ማርሽ 42 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 28። ፔዳሉን አንዴ ስታዞሩ የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ተኩል ይዞራል፤ ከዚያ የሚቀልል ማርሽ የለውም። ሜዳ ከተማ ውስጥ ለሥራ መመላለሻ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ አገር ግን የኋላው ትልቁ ጥርስ ከፊቱ ጋር እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። ስልክ ደውዬ ስናገር መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፦ «በኤሌክትሪክ ልንቀይርላችሁ እንችላለን፣ በቀን 45 ፓውንድ።» ዳገቱን ደብቆ መሸጥ፣ ከዚያ የዳገቱን መድኃኒት በተጨማሪ ዋጋ መሸጥ።

ሌላም አለ። ብስክሌቱን ስንረከብ «የግድ ነው» ተብሎ ለእያንዳንዱ በቀን 12 ፓውንድ ኢንሹራንስ አስከፈሉን። የሁለተኛው ሌሊት ሆቴል ደግሞ ከመንገዱ 4 ማይል ወጣ ብሎ ነው ያለው። የት ላይ? ኮረብታ ላይ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለሁለት ሰው 780 ፓውንድ ነበር። በባንክ ብታስተላልፉ 5 በመቶ እንቀንሳለን አሉን። 39 ፓውንድ አተረፍን ብለን ደስ አለን። ትልቁ ስህተታችን ይሄ ነው። በክሬዲት ካርድ ብንከፍል፣ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ለሆነ ግዢ የካርዱ ባንክም ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ይሆናል። ቀብዱን ብቻ በካርዱ ብትከፍሉ እንኳ ይሠራል። በባንክ ያስተላለፋችሁት ግን ይህ ከለላ የለውም። ዴቢት ካርድ መሐል ላይ ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን እንዲያስመልስ መጠየቅ ይቻላል፣ እንደ ክሬዲት ካርዱ ግን በሕግ የተደነገገ መብት አይደለም።

አንድ ጓደኛዬ «በኢንተርኔት የገዛኸውን በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላለህ» ብሎኝ ነበር። ቀኑ ለተቆረጠ ማረፊያና መዝናኛ አይሠራም። በዚህ ተስፋ አትክፈሉ።

የሚሠራው ሌላ ነው። በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ፣ ሻጩ ስለ አገልግሎቱ የነገራችሁንና አምናችሁበት የገዛችሁበትን ነገር የውሉ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ለጀማሪ የሚሆን» የሚለው ቃል ዝም ብሎ ማስዋቢያ አይደለም። ማስታወቂያውን ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱት። እኔ እንዳጋጣሚ ለባለቤቴ ልኬላት ስለነበር ተረፈልኝ። የግዴታ ክፍያን ደግሞ ከ2025 ኤፕሪል ወዲህ ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ሳያካትቱ ማስተዋወቅ ክልክል ነው። ይህን ጠቅሼ ስጽፍላቸው የኢንሹራንሱን 72 ፓውንድ በሦስት ቀን መለሱ።

ከመግዛታችሁ በፊት የየቀኑን የዳገት ድምር በጽሑፍ ጠይቁ። የብስክሌቱን የጥርስ ቁጥር ጠይቁ። ሻጩ ካኮረፈ ተዉት። ከዚያ የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ድርጅት) ካርታ ላይ መንገዱን ተከተሉት። መንገድ ላይ አንድ የቀስት ምልክት ካያችሁ ተዳፋቱ ከ14 እስከ 20 በመቶ ነው። ሁለት ቀስት ካለ ከ20 በላይ። ዊናትስ ፓስን ካርታው ላይ ቀድሜ ባየው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

እውነት ዘና ማለት የፈለገ ደግሞ እዚያው ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ ጥሩ ነገር አለ፤ ተዘግተው የብስክሌትና የእግር መንገድ («ትሬል») የሆኑ የባቡር ሐዲዶች። ባቡር ዳገት አይችልም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግረው ነው ያለፉት። ሞንሳል ትሬል 8 ተኩል ማይል ነው፤ ዋሻዎቹ በ2011 ለሕዝብ ተከፍተዋል። ቲሲንግተን ትሬል ከአሽቦርን እስከ ፓርስሊ ሄይ 13 ማይል፣ በጣም ቀስ እያለ የሚወጣ። መኪና የለም። ብስክሌት እዚያው ለቀን ይከራያል። ሦስተኛውን ቀን የእነሱን ካርታ ዘግተን እዚያ ሄድን፤ ከጉዞው ሁሉ የወደድነው እሱን ነው።

ለቀረው ገንዘብ ከመክሰስ በፊት የሚላከውን ደብዳቤ ልከናል፣ 14 ቀን ሰጥተን። ካልመለሱ ወደ ትንንሽ ክሶች ችሎት ነው፤ እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ ያያል፣ ጠበቃም የግድ አይደለም። የሚሆነውን እጽፍላችኋለሁ። ትናንት ማስታወቂያቸውን ድጋሚ ከፍቼ አየሁት። «ለጀማሪ» የሚለው ጠፍቷል። «አንዱሌቲንግ» ግን አሁንም አለ።