የመስታወት የወተት ጠርሙስ ከ11 ወራት አገልግሎት በኋላ

ባለ 1 ሊትር የመስታወት ጠርሙሶች ስድስት ገዝቼ ላለፉት 11 ወራት ወተት የማስቀምጠው በእነርሱ ብቻ ነው። ዛሬ የቀሩት አራት ናቸው።

መስታወት ፈሳሽም ሽታም ወደ ውስጡ ስለማያሰርግ፣ በሚገባ ከታጠበ የትናንቱ ወተት ጠረን በዛሬው ላይ አይገኝም። «በሚገባ» የሚለው ግን ቀላል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባዶውን ጠርሙስ በቀጥታ በሙቅ ውኃ አጥበው ስለነበር፣ የወተቱ ፕሮቲን በሙቀቱ ረግቶ ከግድግዳው ጋር እየተጣበቀ፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ጭጋግ የመሰለ ስስ ሽፋን ይተው ነበር። አሁን አስቀድሜ በቀዝቃዛ ውኃ አለቀልቃለሁ፤ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና የናይለን ብሩሽ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የሽቦ ብሩሽ መስታወቱን ስለሚጭረውና የተጫረ መስታወት ስለሚደክም አልጠቀምበትም። ከወተቱ ካልሲየም የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ ደግሞ በውኃ የተበረዘ ኮምጣጤ ያስለቅቀዋል።

ትልቁ ችግር ከጠርሙሱ ሳይሆን ከክዳኑ መጣ። በአራተኛው ወር፣ ማቀዝቀዣው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እያለና ጠርሙሱ ጥርት ብሎ እየታየ፣ ወተቱ ከወትሮው አንድ ቀን ቀድሞ መኮምጠጥ ጀመረ። የክዳኑን የሲሊኮን ቀለበት በስንጥር ፈልቅቄ ሳወጣው፣ ከሥሩ ቢጫ የረጋ ወተትና ጥቋቁር የሻጋታ ነጠብጣቦች አገኘሁ። ቀለበቱ እንደሚወልቅ እንኳ ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ አይጠቅስም፤ ይህን እንደ ከባድ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በየእጥበቱ አወልቀዋለሁ፤ ሳይደርቅም አልመልሰውም።

ከጎደሉት ሁለት ጠርሙሶች አንዱ የጠፋው በእኔ ጥፋት ነው፦ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የፈላ ውኃ ጨመርኩበት፤ የውስጡ ገጽ ከውጪው ቀድሞ ስለተለጠጠ ታችኛው ክፍል በቢላ እንደተቆረጠ ክብ ሆኖ ወለቀ። ሁለተኛው አልተሰበረም፤ ስወለውለው ጣቴ አፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታህል ሽርፍራፊ አገኘ። ለደረቅ ነገር ማስቀመጫ ይሁን የሚል ሐሳብ ከቤተሰቡ ቢቀርብም፣ አንድ ቀን በስህተት ወተት እንዳይቀዳበት ብዬ ጣልኩት።

ብርሃን የወተትን ቫይታሚን ቢ2 ስለሚያጠፋና ጣዕሙንም ስለሚለውጥ፣ ጠርሙሶቹን ከመስኮት አርቄ አስቀምጣለሁ። ዳግመኛ ብገዛ የምመርጠው እጅ የሚያስገባ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነው፤ መለዋወጫ ቀለበቱ ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ ግን አልገዛም።