አቼቶ፣ በረኪና ወይስ ማለስለሻ? ለልብስ አጠባ የትኛውን እንግዛ

ፎጣችሁ ከገመድ ሲወርድ ድርቅ፣ ሸከርከር የሚል ከሆነ ነጭ አቼቶ ግዙ። ብዙ ጊዜ ፎጣን የሚያደርቀው ክሩ ውስጥ የቀረ ሳሙናና የውሃው ማዕድን ነው። የድሬዳዋን ውሃ የምታውቁ፣ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ፎጣውም ላይ አለ። 5 በመቶ ገደማ የሆነው የአቼቶ አሲድ ያንን ያሟሟል።

ማለስለሻም ያለሰልሳል፤ መዓዛውም ደስ ይላል። ነገር ግን ክሩን በስስ ቅባት መሰል ነገር ይሸፍነዋል፤ ሽፋኑ በተደራረበ ቁጥር ፎጣው ውሃ መምጠጥ ይተዋል። ለሹራብ ይሁን፣ ለፎጣ ግን እኔ አልገዛውም።

አቼቶ የሚጨመረው በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ነው፤ ለአንድ ባልዲ ውሃ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። ሽታው ልብሱ ሲደርቅ አብሮ ይጠፋል። ከሳሙናው ጋር መዘፍዘፍ ግን ሁለቱንም ማባከን ነው፤ አሲዱ ሳሙናውን ይበትነውና ቅባቱ መልሶ ልብሱ ላይ ይለጠፋል። በማሽን የምታጥቡም በየአጠባው አትጨምሩ፤ ውሎ አድሮ ጎማዎቹን ይጎዳል።

ለማንጣት ከሆነ አቼቶ በረኪናን አይተካም። ቢጫ ያበጀ የጥጥ አንሶላና የታመመ ሰው የተኛበት ጨርቅ የበረኪና ሥራ ነው። ስትገዙ የተመረተበትን ቀን እዩ፤ በረኪና ሲቆይና ፀሐይ ሲመታው ኃይሉ ይደክማል። ሱፍና ሐርን ይበላል፤ አታስነኩት።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ በረኪናና አቼቶ በአንድ ሳፋ አይግቡ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በኮንዶሚኒየም ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቶ ለሚያጥብ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሁለቱን የገዛችሁ እንደሆነ በተለያየ ቀን ተጠቀሙባቸው፤ ሳፋውንም በደንብ አለቅልቁት።

የሚቸግረው ነጠላና የሀገር ቀሚስ ነው። በረኪና ጥለቱን ያነጣዋል። አቼቶም ቢሆን «ቀለም ያጸናል» ሲባል ብንሰማም የጥጥ ቀለምን አያጸናም፤ የሚለቅ ጥለት በአቼቶም ይለቃል። ለነጠላ ከሦስቱ አንዱንም አትግዙ፤ ሳትዘፈዝፉ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ አጥባችሁ፣ ጥለቱ ነጩን እንዳይነካ ዘርግታችሁ ጥላ ሥር አስጡት።